የዩኒቨርሲቲ ሀብትና የፖለቲካ እንቅስቃሴ፦ ወሰኑ የት ላይ ነው?



አዳራሹ፣ ወረቀቱ፣ ተሽከርካሪውና ማኅተሙ የዩኒቨርሲቲው ናቸው። ታዲያ ለፖለቲካ ሐሳብ ሊውሉ የሚገባቸው እስከ ምን ድረስ ነው? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1964 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የበርክሌይ ግቢ አስተዳደሩ በደቡባዊው መግቢያ ጠረጴዛ ዘርግቶ ለፖለቲካ ዓላማ መቀስቀስንና ገንዘብ ማሰባሰብን ከለከለ። ከተማሪዎቹ ብዙዎቹ የሚቀሰቅሱት ለጥቁር አሜሪካውያን የሲቪል መብት ነበር። በዲሴምበር መጀመሪያ የአስተዳደሩን ሕንፃ ስፕራውል ሆልን ሞልተው ተቀመጡ፤ 800 ገደማ ሰዎች ታሰሩ። ዲሴምበር 8 ቀን የመምህራኑ ጉባኤ በ824 ድጋፍና በ115 ተቃውሞ ወሰነ፦ ዩኒቨርሲቲው የንግግርን ይዘት አይገድብም፤ ሆኖም መደበኛ ሥራው እንዳይታወክ ጊዜውን፣ ቦታውንና አኳኋኑን ሊደነግግ ይችላል።

ይህ ውሳኔ ቦታን ከይዘት ለየ። እኔ ደግሞ ቦታን ከሥልጣን መለየት ይገባል እላለሁ። ጠረጴዛ የዘረጋ ተማሪ የተዋሰው ቦታ ብቻ ነው፤ መንገደኛው ካልወደደ ያልፈዋል። በማኅተም በተደገፈ ደብዳቤ ወደ ፓርቲ ስብሰባ የሚጠራ ኃላፊ፣ ወይም ውጤት በእጁ የያዘ መምህር ግን የተዋሰው ሥልጣን ነው። የተጠራው ሰው እንደ መንገደኛው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም።

የራሳችንም ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1954 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲው ሰጡ። በየካቲት 1957 ዓ.ም. ግን ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ቤቱን የሰጠ ሐሳቡን አልገዛም። ቤቱን የሰጠ ሁሉ የሚነገረውንም የሚወስን ቢሆን ኖሮ፣ የገበሬው ጥያቄ ከዚያ ቅጥር ባልተሰማ ነበር።

ስለዚህ አዳራሹ በእኩል ደንብና በተራ ለሁሉም ይከፈት፤ ማኅተሙ፣ በጀቱ፣ ተሽከርካሪውና የተማሪው ውጤት ግን ለገዢውም ለተቃዋሚውም ፓርቲ አይዋል። የተማሪውን በራሪ ወረቀት እየቀደደ ለደጋፊ ሰልፍ አውቶቡስ የሚያሰማራ አስተዳደር ገለልተኛ ነኝ ሊል አይችልም። እኛም መምህራን ከዚህ ሚዛን ነፃ አይደለንም። የዩኒቨርሲቲውን ሀብት ለምናምንበት ዓላማ ከማዋላችን በፊት ራሳችንን እንጠይቅ፦ አጥብቄ የምቃወመው ሰው ይህንኑ ቢያደርግ እቀበለው ነበርን?