ኮልፌና ሄግ፤ የአንድ ዲፕሎማሲ ሁለት ገጾች



ኢትዮጵያ በ1953 ዓ.ም. ከላይቤሪያ ጋር በመሆን፥ በደቡብ ምዕራብ አፍሪካ (በዛሬዋ ናሚቢያ) ጉዳይ የደቡብ አፍሪካን መንግሥት በሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሰች። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ ኔልሰን ማንዴላ ኮልፌ በነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት ተማሩ። የዳኞቹ ድምፅ ሰባት ለሰባት ስለተከፈለ፥ ክሱ በ1958 ዓ.ም. በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ውድቅ ሆነ።

የሄጉ ሙግት በጥራዝ ታትሞ ይገኛል፤ የኮልፌው በይበልጥ የሚታወቀው ማንዴላ ራሳቸው በጻፉት የሕይወት ታሪክ ነው። እንግዲህ ተመራማሪው የመዝገብን ብዛት የጉዳይ ክብደት መለኪያ ቢያደርግ፥ ከአገሪቱ ፖሊሲ ግማሹን ብቻ ያነባል። በችሎት የተሟገተችው ኢትዮጵያና በኮልፌ ያሠለጠነችው ኢትዮጵያ አንዲት ናት። የዚያ ዘመን ምስክሮች በዕድሜ እየገፉ ነውና፥ ቃላቸውን መመዝገብ ለነገ የማይባል የምርምር ግዴታ ነው።