ስለ እንቁላል ስልስ አሠራርና ስለ ሕፃናት ድርሻ ለእናቶች የተደረገ ንግግር



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ሩቅ ነገር አይደለም፤ በየጓዳችሁ ስለሚገኝ፥ ነገር ግን ሳይበላ ከቤት ስለሚወጣ ምግብ ነው። እርሱም እንቁላል ነው። በዓባይ ድልድይ በኩል፥ ከሞጣ እስከ ቢቸና፥ በየቤቱ ዶሮ አለች። እንቁላሉ ግን ጭድ በተነጠፈበት እንቅብ ሆኖ ገበያ ይወርዳል፤ ለጨው፥ ለቡናና ለሳሙና መግዣ ይሆናል። እኔ አትሽጡ አልልም፤ ጨውም ሳሙናም ያስፈልጋል። ከ10 እንቁላል ሦስት አራቱ ለልጆችና ለነፍሰ ጡሯ በቤት ይቀመጥ ነው የምለው።

ምክንያቱን ስሙኝ። በ2008 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ከ100 ሕፃናት 46ቱ ያህል ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው አጥሮ ተገኝቷል። ይህ መቀንጨር ይባላል። የቢቸና ጤፍ በአገር የታወቀ ነው፤ ስለዚህ ነገሩ የእንጀራ ማጣት ብቻ አይደለም። ሆድ ይጠግባል፥ ገላን የሚገነባው ምግብ ግን ይጎድላል። አንድ የአበሻ ዶሮ እንቁላል 5 ግራም ያህል ፕሮቲን፥ ለዓይን የሚጠቅም ቪታሚን ኤም አለው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንሂድ። ስልስ የምንለው ሽንኩርት፥ ቲማቲምና በርበሬ ተቁላልቶ የሚሠራው ነው። በሰሜን አፍሪካ በቱኒዝያና በሊቢያም እንቁላል እንዲሁ በቲማቲም ውስጥ ይበስላል፤ ሻክሹካ ይሉታል። የእኛ ግን በበርበሬው ይበልጣል፤ ይህ እንኳ የራሴ ፍርድ ነው።

ለስድስት ሰው ሦስት ራስ ቀይ ሽንኩርት፥ አራት የበሰለ ቲማቲም፥ ሁለት ቃሪያ፥ ጥቂት ነጭ ሽንኩርት፥ አንድ ሲኒ የኑግ ዘይት፥ ሁለት ማንኪያ በርበሬና ስድስት ሰባት እንቁላል ይበቃል። በመጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና፥ ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ። ሽንኩርቱን አቁላሉ፤ ዘይቱን፥ ቀጥሎም የታጠበውንና የተከተፈውን ቲማቲም ጨምሩ። ቲማቲሙ ሲፈርስ እዚህ ላይ ቆም በሉ! በርበሬው ከመግባቱ በፊት አንድ ጭልፋ ቀንሳችሁ በትንሽ ድስት አስቀምጡ። ይህ የሕፃኑ ድርሻ ነው። ብዙ እናት «ልጄ ወጥ አይበላም» ትላለች፤ ልጁ የእምቢታው ምክንያት እንቁላሉ ሳይሆን በርበሬው ነው። ከዚያ በኋላ ለትልልቁ ሰው በርበሬውንና ነጭ ሽንኩርቱን ጨምራችሁ፥ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ ውሃ እየሰጣችሁ አብስሉት።

እንቁላሉን በቀጥታ ወደ ድስቱ አትስበሩት። አንድ አንዱን በሲኒ ሰብራችሁ፥ አይታችሁና አሽትታችሁ ጨምሩት፤ አንድ የተበላሸ እንቁላል ወጡን ሁሉ ያስደፋል። ሳይሰበር ለማወቅ የምትፈልግ በውሃ ትፈትነው፤ ደኅናው ከሥር ይተኛል፥ የቆየው ይንሳፈፋል። ቅርፊቱ ላይ ኩስ ካለ ልትሰብሩት ስትሉ ብቻ እጠቡት፤ ታጥቦ የሚቀመጥ እንቁላል ቶሎ ይበላሻል፥ ቆሻሻው በረቂቁ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይገባልና። ከሰበራችሁ በኋላም እጃችሁን ደግማችሁ ታጠቡ። ሳልሞኔላ የሚባል ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ተሐዋስ በዶሮ ኩስና በእንቁላል ይገኛል። ዶሮዎቹም ከምድጃውና ሕፃኑ ከሚድህበት ራቅ ብለው ቢያድሩ መልካም ነው።

ስልሱ እየፈላ ሳለ እንቁላሎቹን በየቦታቸው አስቀምጡ፥ አታማስሉ፤ ክዳኑን ግጠሙና እሳቱን ቀንሱ። ወደ 10 ደቂቃ ይፈጃል። ሰዓት የሌላት አስኳሉን በንጹሕ ማንኪያ ትጫነው፤ ቢጫ ፈሳሽ ካወጣ ገና ነው። ከተማ ቤት ግማሽ ጥሬውን የሚወዱ አሉ፤ ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ግን ነጩም አስኳሉም እስኪረጋ ይብሰል።

የሕፃኑን ድስት እንዲሁ በአንድ እንቁላል አብስሉ፤ አዮዲን ያለው ጨው ጥቂት ቢነካው ይበቃል። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው። ከ6 ወር ጀምሮ የበሰለውን እንቁላል አልማችሁ፥ በለስላሳ እንጀራ ፈትፍታችሁ ስጡት፤ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት አቅምሱትና እዩት። ገላው ሽፍ ካለ ወይም ፊቱ ካበጠ ተዉትና ወደ ጤና ጣቢያ አምጡት።

አሁን የጾሙ ነገር ቀረ። ዶሮ ጾም አታውቅም፤ በሁዳዴ 55 ቀንም ትጥላለች። በአገራችን ልማድ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም። ታዲያ ሕፃኑ ለምን ሽሮ ብቻ ይበላል? እናቶች ሲመልሱልኝ «ድስቱና ጭልፋው ይፈሰክብኛል» ይላሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፥ አልስቅበትም። መፍትሔው ትንሽ ነው፦ ለሕፃኑ አንዲት ድስት፥ አንድ ማንኪያና አንድ ሳሕን ለይታችሁ ያዙ። ከሌላው ዕቃ እንዳይቀላቀል በድስቷ ጆሮ ላይ ቀይ ክር እሰሩባት፤ ብቻዋን ታጠቡ፥ ብቻዋን ትደፋ። ነፍሰ ጡሯና የምታጠባዋም እናት ስለ ጾሟ ከነፍስ አባቷ ጋር ትማከር።