መንገድ ለእግረኛም ነው
(በአንዲት የገበያ ከተማ ለአካባቢው ገበሬዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መንገድ ነው። «እኛ ገበሬዎች ነን፤ የከተማ መንገድ ምናችን ነው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ግን ከመካከላችን ልጁ ከተማ ያልገባ ማን ነው? ለሕክምና ወይም ለፍርድ ቤት ጉዳይ ከተማ ያልሄደስ ማን ነው? ይህች የተሰበሰብንባት ቦታ እንኳ ትናንት ጥቂት ጎጆዎች ብቻ ነበሩባት። ዛሬ ቆርቆሮ ለብሳ ከተማ ልትሆን ነው።

በመጀመሪያ አዲስ አበባን እንመልከት። በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ የከተማዋ ሕዝብ 1.4 ሚሊዮን ያህል ነበር። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ 2.7 ሚሊዮን ደረሰ። ከዚያም ወዲህ ጨምሯል። ሰው ሲበዛ ቤቱ ከሥራው ይርቃል። ስለዚህ ብዙ ሰው ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ለታክሲ ይሰለፋል። ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ ደግሞ በእግር ነው። የግል መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም መንገዱን የሚያጣብበው የጥቂቶቹ መኪና ነው።

እንዴት? እስቲ እንቁጠር። 60 ሰዎች በየራሳቸው መኪና ቢወጡ 60 መኪና ይሆናል። አንዱ መኪና ከነክፍተቱ 6 ሜትር ቢይዝ፣ ሰልፉ 360 ሜትር ይረዝማል። እነዚያው 60 ሰዎች በአንድ አውቶቡስ ቢሄዱ ግን 12 ሜትር ያህል ይበቃቸዋል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ነገር ግን አውቶቡስ ማብዛት ብቻውን አይበቃም። መኪና ከዘጋበት አውቶቡሱም ይቆማል። የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የራሱ ሐዲድ እንዲኖረው የተደረገው ለዚህ ነው። አንዱ መስመር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ ተዘረጋ። ይህ መልካም ነው። ሆኖም ሐዲዱ በመሬት ላይ በሚያልፍበት ቦታ መንገዱን ለሁለት ከፈለው። ማዶ ያለ ዘመዱን ለመጠየቅ የሚሻ እግረኛ መሻገሪያ እስኪያገኝ ሩቅ መዞር ግድ ሆነበት። መዞሩ የሰለቸው አጥር ይዘላል። እንግዲህ ለተሳፋሪ ሲታሰብ እግረኛም መረሳት የለበትም። ተሳፋሪውም ቢሆን ፌርማታ የሚደርሰው በእግሩ ነውና።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር ልግባ። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። እዚህም አይተናል። ባለፈው ዓመት በገበያ ቀን አንዲት እናት ጤፍ አስፈጭታ ትመለስ ነበር። የመንገዱ ዳር በአሸዋና በድንጋይ ክምር ተዘግቷል። ስለዚህ ወደ አስፋልቱ ወረደች። ከኋላዋ የመጣ የጭነት መኪና ገጫት። ዱቄቱ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ሰው ሁሉ «ቀኗ ነው» አለ። እኔ ግን ቀኗ አልነበረም እላለሁ። ክምሩ እዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቷል። እኔም በየቀኑ በአጠገቡ አልፌ ዝም ብያለሁ።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቤት ከመሠራቱ በፊት ለእግረኛ ቦታ እንተው። አዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በብዙ ጎዳናዎች ዳር ሰፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሠርታለች። ለዚህ ግን ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ብዙ ሰው ከኖረበት ተነሣ። እኛ ገና ሰፊ ቦታ አለን። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

ሁለተኛ፣ በትምህርት ቤትና በገበያ አጠገብ መኪና ፍጥነቱን እንዲቀንስ ጉብታ ይሠራልን ብለን አስተዳደሩን እንጠይቅ። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው ሰው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። በ60 ሲሄድ ግን የመሞት አደጋው እጅግ ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ ግራችንን ይዘን እንሂድ። የሚመጣው መኪና ከፊታችን ስለሚሆን እናየዋለን። ልጆቻችንንም እናስተምር።

አራተኛ፣ የመንገድ ዳር የማንም ማከማቻ አይሁን።

ወገኖቼ፣ ያ ክምር ዛሬም አልተነሣም። የሚመጣው ገበያ ሐሙስ ነው። እኔ ረቡዕ ጠዋት አካፋ ይዤ እዚያ እገኛለሁ። አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ፤ የሌለው በእጁ ድንጋይ ያነሣል።