የእድር ድንኳን አይሸጥም

(ጄኔቫ፣ ቶኔ በተካሄደው የማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በአንድ አባል የቀረበ ንግግር)



የምናገረው ለከተማችን መምህራንና ነርሶች ልንሠራ ስላሰብነው ቤት ነው። ለጉባኤው የቀረበው ጥያቄ አጭር ነው፦ ቤቶቹን ሠርተን ለሚገቡባቸው ሰዎች በስማቸው እናዙር ወይስ በማኅበር ይያዙ? እኔ በማኅበር ይያዙ እላለሁ።

እዚህ አገር ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ ለእናንተ አይነገርም። የደመወዝ ወረቀት፣ ዕዳ የለበትም የሚል ማስረጃ፣ የሦስት ወር ማስያዣ። እኔ አንዲት ክፍል ለማየት ስሄድ ሰልፉ ከደረጃው አልፎ እስከ ውጭ በር ደርሶ ነበር። በዚሁ ውድ አገር ግን በመጠነኛ ኪራይ ተረጋግተው የሚኖሩ አሉ። ብዙዎቹ የቤት ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት ናቸው።

ዙሪክ ያላችሁ አቤጼት የሚባለውን ታውቁታላችሁ። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1916፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መካከል ነው። ዛሬ ወደ 5,000 የሚጠጉ ቤቶች አሉት። በትራም ማደሪያ ላይ የተሠራው ካልክብራይትም በ2014 የተከፈተ የዚሁ ዓይነት ነው። ጄኔቫ ውስጥ ደግሞ ከ1994 ጀምሮ ኮዳ አለ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ ከተማው መሬቱን አይሸጥም፤ ለ60 ዓመትና ከዚያ በላይ በኪራይ ይሰጣል። ማኅበሩ ይገነባል። ነዋሪው ሲገባ የአክሲዮን ገንዘብ ያስቀምጣል፤ በየወሩ የሚከፍለው የቤቱን ወጪ የሚሸፍን እንጂ ለማንም ትርፍ የሚሆን አይደለም። ሲወጣ ያስቀመጠውን ይዞ ይሄዳል፤ ቤቱ ግን ለሚቀጥለው ቤተሰብ በዚያው ደንብ ይቆያል። የዙሪክ ሕዝብ በ2011 ድምፅ ሰጥቶ፣ እስከ 2050 ከከተማው የኪራይ ቤቶች አንድ ሦስተኛው ያለ ትርፍ የሚከራዩ እንዲሆኑ ወስኗል።

በአሜሪካ ይህንኑ የሚመስለው የማኅበረሰብ የመሬት ባለአደራ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1969 በጆርጂያ ጥቁር ገበሬዎችና የመብት ታጋዮች ጀመሩት። በ1984 በርሊንግተን በምትባል ከተማ ለመኖሪያ ቤት ዋለ። እዚያ ሰው ቤቱን ይገዛል፣ መሬቱ የባለአደራው ነው። ሲሸጥ ዋጋው ከጨመረው ሩቡን ይወስዳል፤ የቀረው ቤቱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቀጣዩም ገዢ አቅሙ ይችላል።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰው ቤቱን ከገበያ በታች ያገኛል፤ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ በገበያ ዋጋ መሸጥ ይችላል። ባለዕድሉን አልወቅስም፤ ያገኘው መብቱ ነው። እህቴ ግን የምትኖረው ዕጣ ከወጣለት ሰው ተከራይታ ነው፤ ኪራዩ በጨመረ ቁጥር ዕቃዋን ትጭናለች። ለድሃ ተብሎ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ የሚጠቅመው የመጀመሪያውን ሰው ብቻ ነው። እኛም ቤቱን በግለሰብ ስም ካዞርን ከጥቂት ዓመት በኋላ ቤቱ ይሸጣል፤ አዲሱ መምህር ሲመጣ እንደገና መዋጮ ልንሰበስብ ነው።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የእድር ድንኳን የማን ነው? ሁሉም ይገለገልበታል፣ ማንም አይሸጠውም። ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም ይላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ደግሞ ለመኖሪያ እስከ 99 ዓመት ይፈቅዳል። ስለዚህ ሊዙን ማኅበሩ ይዞ፣ ቤቱን ነዋሪው ቢገለገልበት ይቻላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንድትወስኑ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ቤቶቹ እንዳይሸጡና በዕዳ እንዳይያዙ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ። ሁለተኛ፣ ኪራዩ ለሊዝ፣ ለጥገናና ለመጠባበቂያ ከሚያስፈልገው አይለፍ። ሦስተኛ፣ ቦርዱ በሦስት እኩል ይከፈል፦ ነዋሪዎች፣ የከተማው ሰዎች፣ እኛ ደጋፊዎች። ገንዘብ የላከ ሁሉ አዛዥ አይሁን።

«ታዲያ መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ባዶ እጁን ሊቀር ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ከኪራዩ ጋር በየወሩ ጥቂት ይቆጥብ፤ ሲለቅ ከነወለዱ ይቀበል። ይህ መንገድ ሁሉን ይፈታል አልልም፤ ዙሪክም ቢሆን ተራ መጠበቅ አለ። ቤት የሚሠራውም በገንዘብ እንጂ በደንብ አይደለም። ደንቡ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ አንዴ የሰጠነው ለሁለተኛውም ለሦስተኛውም እንዲደርስ።

ከመካከላችን በሌሊት የሚያጸዳ፣ አረጋውያን የሚንከባከብ፣ ወጥ ቤት የሚሠራ አለ። መዋጮው የወጣው ከዚያ ላብ ነው። አንድ ጊዜ ተሸጦ እንዳያልቅ አደራ እላለሁ።