ምስክር ያለው ትምህርት
(ለደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ)



ምእመን ልጁን ለነገረ መለኮት ትምህርት ሲሰጥ ልጁንም ገንዘቡንም አደራ መስጠቱ ነው። ደብሩም ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣውን ሰው ሲቀበል የመንጋውን ነፍስ አደራ ይሰጠዋል። ስለዚህ «ይህ ሰው በእውነት ተምሯልን? ያስተማረውስ ቤት የታመነ ነውን?» ብሎ መጠየቅ የጠባቂ ሥራ ነው እንጂ የተጠራጣሪ ሥራ አይደለም።

ይህን ጥያቄ የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር በየትኛውም አገር ቢማር፤ መምህሩም የቱን ያህል ሊቅ ቢሆን፤ በጋይንት ካለው ቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ እንደ ልማዱ የድጓ መምህር አይባልም። ዝማሬና መዋሥዕት የተማረም በዙር አምባ ያስመሰክራል። መምህር የራሱን ደቀ መዝሙር ቢያመሰግን አባት ልጁን እንደ ማመስገን ነውና፤ ስለዚህ የሌላ ቤት ምስክርነት ተፈለገ።

ዳሩ ግን ይህ ምስክር የሚመዝነው ሰውን ነው። ኮሌጆችና ሴሚናሪዎች በበዙበት በዛሬው ዘመን ግን ቤቱን ራሱን መመዘን አስፈለገ፤ ይኸውም ዕውቅና የሚባለው ነው።

በአሜሪካ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች በዚያ አገር ሴሚናሪ የሚማሩ አሉና፤ የዚያ አገር ሥርዓት ለምሳሌ ይበቃል። በዚያ ለሴሚናሪ ዕውቅና የሚሰጠው መንግሥት ራሱ አይደለም። እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ1918 ዓመት የትምህርት ቤቶቹ ሰዎች በሃርቫርድ ተሰብስበው መመካከር ጀመሩ፤ በ1936 ማኅበር ሆነው መመዘኛ አጸደቁ፤ በ1938 መመዘኛውን ያሟሉትን ትምህርት ቤቶች ስም ለመጀመሪያ ጊዜ አወጡ። ትምህርት ቤቱ አስቀድሞ ራሱን መርምሮ ይጽፋል፤ ቀጥሎ የሌሎች ትምህርት ቤቶች መምህራን መጥተው መጻሕፍቱን፤ መምህራኑን፤ አስተዳደሩንና ገንዘቡን ያያሉ፤ ከተማሪዎቹም ጋራ ይነጋገራሉ። የተሰጠውም ዕውቅና ለዘለዓለም አይደለም፤ ጊዜው ሲደርስ ምርመራው እንደ ገና ይደረጋል።

«ከውጭ የመጣ መርማሪ ሃይማኖታችንን ይፈርድብን ይሆንን?» ብለው የሚሠጉ አሉ፤ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን በዚህ ማኅበር የኦርቶዶክስ፤ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ትምህርት ቤቶች በአንድነት አሉበት፤ የሚጠየቁትም እያንዳንዱ አደርገዋለሁ ያለውን በእውነት ማድረጉን ነው። በኒው ዮርክ አጠገብ ያለው የቅዱስ ቭላዲሚር የኦርቶዶክስ ሴሚናሪ በ1938 ተመሥርቶ ሙሉ ዕውቅና ያገኘው በ1973 ነው። በመካከሉ ባሉት 35 ዓመታት እነ ፍሎሮቭስኪና ሽሜማን አስተምረውበታል፤ ስለዚህ ዕውቅና የሌለው ሁሉ ዕውቀት የለውም ማለት አይገባም። ዕውቅናውን ካገኘ በኋላም ኦርቶዶክሳዊነቱን አልለወጠም።

ይልቁንም የሚያስፈራው ሌላ ነው። ያለ መምህርና ያለ መጻሕፍት የዲግሪ ወረቀት በገንዘብ የሚሸጡ ቤቶች አሉ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ራሳቸው ያቋቋሙትን ማኅበር ምስክር አድርገው ያቀርባሉ። ይህ ሰው ለራሱ እንደ መመስከር ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት የያዘ ወጣት ዓመታቱንና የወላጆቹን ድካም ያጣል፤ ከእርሱ የሚማረው ሕዝብ ግን ከዚያ የበለጠ ያጣል።

እንግዲህ ልጁን የሚልክ አባት፤ ካህን የሚቀበልም ደብር ሦስት ነገር ይጠይቅ፤ ለዚህ ቤት የመሰከረለት ማን ነው? ለመስካሪውስ ማን ይመሰክርለታል? ምርመራውስ የተደረገው መቼ ነው? መልሱ የተሸሸገ እንደ ሆነ ከመላክ መዘግየት ይሻላል።

ዕውቅና ክህነትን አይሰጥም፤ ክህነት በጳጳስ እጅ ነው። ቅድስናንም አይሰጥም፤ ቅድስና ከእግዚአብሔር ነው። የሚሰጠው አደራው በታመነ ቤት መቀመጡን ብቻ ነው፤ ይህም ጥቂት ነገር አይደለም። አባቶች ስለ አንድ ድጓ ተማሪ እስከ ቤተ ልሔም መንገድ ያስኬዱት ስለዚህ ነበርና፤ ኢዮቤልዩውን ያከበረው ትውልድም ከልጆቹ ትምህርት ይህን ጥንቃቄ አያጉድል።