በቍጥር እኩል ከሆኑት መካከል የትኛውን እንምረጥ?

(በራዲዮ የተነገረ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ሲሰሙት የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ባንክ ገንዘብ ለማበደር፥ ሐኪም በሽታን ለመለየት፥ በአንዳንድ አገርም ዳኛ እስረኛን በዋስ ለመልቀቅ የኮምፒዩተርን ግምት በሚጠይቁበት በዚህ ዘመን፥ የእያንዳንዳችንን ደጅ የሚያንኳኳ ጉዳይ ሆኗል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ በፈተና እኩል ውጤት ያገኙ፥ ነገር ግን እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ሞዴሎች ቢቀርቡልን፥ የትኛውን መምረጥ ይገባናል?

አስቀድሞ የቃሉን ትርጓሜ እንግለጥ። ሞዴል ማለት ኮምፒዩተር ካለፉት ብዙ ምሳሌዎች ተምሮ ያበጀው የመገመቻ ሥርዐት ነው። ለምሳሌ ከዚህ ቀደም ተበድረው የመለሱና ያልመለሱ ሰዎች መዝገብ ይሰጠዋል፤ እርሱም ከዕድሜያቸው፥ ከገቢያቸውና ከሥራቸው ምልክት እየፈለገ፥ አዲሱ ተበዳሪ ዕዳውን ይከፍል እንደ ሆነ ይገምታል። ከዚያም አይቶት በማያውቀው መዝገብ ይፈተናል፤ ከመቶው ስንቱን በትክክል እንደ ገመተም ይቈጠራል። ይህም ቍጥር ትክክለኛነቱ ይባላል።

እንግዲህ ሁለት ሞዴሎች እያንዳንዳቸው ከ100 ሰዎች የ90ውን ጉዳይ በትክክል ገመቱ እንበል። ሰሚው «ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የትኛውም ቢወሰድ ልዩነት የለውም» ይል ይሆናል። ነገር ግን አንደኛው የተሳሳተባቸው 10 ሰዎችና ሁለተኛው የተሳሳተባቸው 10 ሰዎች ፈጽሞ ሌሎች ሊሆኑ ይችላሉ። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ ሞዴሎች በ20 ሰዎች ጉዳይ አይስማሙም ማለት ነው። ለባንኩ ሒሳቡ ያው ነው፤ ከ20ዎቹ አንዱ ለሆነው ሰው ግን ብድር የማግኘትና የመከልከል ጉዳይ ነው። ዕድሉን የወሰነው የራሱ ጠባይ ሳይሆን፥ እርሱ በሌለበት አንዱ ሞዴል ተመርጦ ሌላው መጣሉ ነው።

ይህን ነገር ስም ሰጥቶ በሰፊው ያስታወቀው በበርክሊ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የስታቲስቲክስ ሊቅ የነበረው ሊዮ ብሬይማን ነው። እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. ባሳተመው ጽሑፍ (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመቶች በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ነገሩን «ራሾሞን» ብሎታል። ስሙን የወሰደው አኪራ ኩሮሳዋ በ1950 ካወጣው የጃፓን ፊልም ነው፤ በዚያ ፊልም ብዙ ሰዎች የአንድን ወንጀል ታሪክ እያንዳንዳቸው በተለያየ መልክ ይተርኩታልና። ብሬይማን እንዳመለከተው፥ 30 መለኪያዎች ካሉት መዝገብ 5ቱን ብቻ የሚጠቀም ቀመር ቢፈለግ፥ የሚመረመሩት ጥምሮች 140,000 ያህል ናቸው። ከእነዚህም መካከል በትክክለኛነታቸው ከአሸናፊው በጥቂቱ ብቻ የሚያንሱ ብዙዎች ሊገኙ ይችላሉ። ነገር ግን አንዱ የነገሩ ምክንያት ገቢ ነው ሲል፥ ሌላው ዕድሜ ነው፥ ሦስተኛው ደግሞ የመኖሪያ ሰፈር ነው ይላል።

ከዚህም በቀር ልዩነቱ በፈተናው ጊዜ ተሰውሮ በሥራ ላይ የሚገለጥበት ጊዜ አለ። በ2020 የጉግል ተመራማሪዎች ይህን በብዙ ምሳሌ አሳይተዋል። ከምሳሌዎቹ አንዱ የስኳር በሽታ በዐይን ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ከፎቶግራፍ የሚለዩ ሞዴሎችን የሚመለከት ነው። እነዚህ ሞዴሎች በአሠራራቸው አንድ ነበሩ፤ የሚለያዩትም ሥልጠናቸው ሲጀመር በዕጣ በወጡላቸው መነሻ ቍጥሮች ብቻ ነው። በተለመደው ፈተና ውጤታቸው ተቀራረበ፤ በሥልጠናው ጊዜ ባልነበረ የካሜራ ዓይነት የተነሡ ፎቶግራፎች ሲቀርቡላቸው ግን አንዱ ከሌላው ተራራቀ። እንግዲህ በሌላ አገር ካሜራ የሠለጠነ ሞዴል ወደ እኛ ሆስፒታል ቢመጣ፥ በዚያ አገር ያገኘው ማዕርግ ብቻ ሊያስተማምነን አይገባም።

የፍርድ ቤቱ ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስተምራል። በአሜሪካ «ኮምፓስ» የሚባል፥ ተከሳሹ ወደ ፊት ወንጀል ይሠራ እንደ ሆነ የሚገምት ሞዴል አለ፤ መጠይቁም 137 ጥያቄዎች ያሉት ነው። በ2018 ሁለት ተመራማሪዎች በፍሎሪዳ ውስጥ በብራዋርድ አውራጃ የተመዘገቡ ከ7,000 በላይ ተከሳሾችን ጉዳይ መረመሩ። የኮምፓስ ትክክለኛነት 65 ከመቶ ያህል ሆኖ ተገኘ። ዕድሜንና የቀድሞ ጥፋቶችን ብዛት ብቻ የሚመለከት ቀላል ቀመርም 67 ከመቶ ያህል አገኘ። ቀላሉን ቀመር ተከሳሹም ጠበቃውም አንብበው ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ የሌላው ውስጠ ነገር ግን የኩባንያው የንግድ ምስጢር ነው። የዊስኮንሲን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2016 በዚሁ ምስጢር ላይ ክርክር ቀርቦለት፥ ዳኞች ግምቱን ሊያዩት እንደሚችሉ፥ ነገር ግን ቅጣትን የሚቈርጥ ዋና ምክንያት ሊያደርጉት እንደማይገባ ወስኗል።

እንግዲህ ቍጥሩ እኩል ሲሆን ምን እናድርግ? ቍጥሩ ሥራውን ጨርሶ ዝም ብሏል፤ ከዚህ በኋላ ያለው የሰው ፍርድ ነው። መራጩም ሦስት ነገሮችን ቢያስብ መልካም ነው።

አንደኛ፥ ሞዴሎቹ በሚሠሩበት ቦታ፥ በሚያገለግሉት ሕዝብ መካከል እንደ ገና ይፈተኑ። በከተሜውና በገጠሬው፥ በወንዱና በሴቲቱ ላይ ስሕተታቸው ተለይቶ ይቈጠር።

ሁለተኛ፥ አካሄዱ የሚነበበው ይቅደም። የዱክ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሲንትያ ሩዲን በ2019 እንዳስረዱት፥ እኩል ትክክል የሆኑት ሞዴሎች ብዙ ከሆኑ፥ ከእነርሱ መካከል ለሰው የሚገባ ቀላል ሞዴል የመገኘቱ ተስፋ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ሳይፈልጉት «የለም» ማለት አይገባም።

ሦስተኛ፥ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደ ተባለው፥ የተጣለው ሞዴል እንደ ሁለተኛ ምስክር ይጠየቅ። ሁለቱ በተስማሙበት ሥራው ይቀጥል፤ በተለያዩበት ግን የሰውየው ጉዳይ ወደ ሐኪሙ፥ ወደ ዳኛው ወይም ወደ ባንኩ ሠራተኛ ተመልሶ በእጅ ይመርመር። ሁለት ሞዴሎች ቢስማሙም አብረው ሊሳሳቱ ይችላሉ፤ አለመስማማታቸው ግን ነገሩ ገና እንዳልተረጋገጠ በግልጥ ያሳውቃል።

ከሁሉም በላይ፥ የመረጠው ሰው ስሙንና ምክንያቱን በጽሑፍ ያስቀምጥ። ብድር የተከለከለው ገበሬ ወይም ዋስትና የተነፈገው እስረኛ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ፥ «ማሽኑ እንዲህ አለ» የሚለው መልስ በቂ አይሆንም። በፈተናው እኩል የሆነ ሌላ ማሽን ተቃራኒውን ብሎ ነበርና። ከሁለቱ አንዱን የመረጠው ሰው ነው፤ ለጠያቂውም መልስ የመስጠት ኀላፊነት የእርሱ ነው።