ጓድ እና ጓዳ፦ በኅብረተሰባዊት ኢትዮጵያ ዘመን የቤት ዕቃ ንድፍ

(በሀዋሳ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



ስለ ደርግ ዘመን ስንነጋገር አብዛኛውን ጊዜ የምናነሣው ሰልፉን፣ እስሩን፣ ጦርነቱን ነው። ተገቢም ነው። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጥያቄ ግን ከዚያ የጠበበ ነው፦ አብዮቱ ወደ ጓዳችን ሲገባ ምን ይዞ ገባ?

በቅድሚያ ሐሳቡ ከየት እንደ መጣ እንመልከት። በ1925 እ.ኤ.አ. ሩሲያዊው አሌክሳንደር ሮድቼንኮ ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሠራተኞች ክበብ ነድፎ ነበር። ከዚያ ሆኖ ወደ ቤቱ በላካቸው ደብዳቤዎች፣ በአዲሱ ሥርዓት ዕቃ ለሰው እኩያና ጓድ ሊሆን ይገባል የሚል አሳብ አስፍሯል። ሶቪየት ኅብረት በ1962 እ.ኤ.አ. ለኢንዱስትሪ ንድፍ ራሱን የቻለ የምርምር ተቋም አቋቋመች። ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ሱፐርፌስት» የተባለ፣ በቀላሉ የማይሰበር ብርጭቆ አመረተች። ሁለቱ ጀርመኖች ሲዋሐዱ የብርጭቆው ምርት ቆመ፤ የማይሰበር ዕቃ ገዢውን መልሶ ወደ ሱቅ አያመጣምና።

በእኛስ አገር? ደርግ በጥር 1967 ዓ.ም. ከ70 በላይ የኢንዱስትሪና የንግድ ድርጅቶችን ወረሰ። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ቀጥሎም ስኳሩ፣ ጨውና ሳሙናው በቤተሰብ ቁጥር እየተሰላ በቀበሌ ሱቅ ይታደል ጀመር። ፋብሪካው፣ ቤቱና ሱቁ እንዲህ በአንድ እጅ ገቡ። ይሁን እንጂ የዕቅዱ ቋንቋ የመጠን ቋንቋ ነበር፦ ስንት ቶን፣ ስንት ሜትር፣ ስንት ኩንታል። የዕቃው ቅርጽ፣ አያያዝና ምቾት በዚህ ቋንቋ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። የዛሬው መከራከሪያዬም ይኸው ነው፦ አብዮቱ ማከፋፈልን ወረሰ፤ መንደፍን ግን ለሌሎች ተወ። እነዚህ ሌሎች እነማን ነበሩ?

አንደኛዎቹ ቆርቆሮ ቀጥቃጮች ናቸው። መርካቶ ምናለሽ ተራ ባዶ ጣሳ ጭልፋ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የከሰል ምድጃ ሆኖ ይወጣ ነበር። ከሁሉ በላይ ኩራዝን አስቡ። አሠራሩ እጅግ ቀላል ነው፦ አንድ ጣሳ፣ በክዳኑ ላይ አንድ ቀዳዳ፣ በቀዳዳው የሚያልፍ ቀጭን የቆርቆሮ ቱቦ፣ በቱቦው ውስጥ የጥጥ ፈትል። ፈትሉ ላምባውን እየመጠጠ ወደ ላይ ያወጣል። የሚለወጥ ክፍል ቢኖር ፈትሉ ብቻ ነው፤ እርሱም ከአሮጌ ጨርቅ ይገኛል። ጉድለቱም ግልጽ ነው፦ መስተዋት ስለሌለው ያጨሳል፤ ከተገለበጠም ቤት ያቃጥላል።

በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ አብዛኛው ገጠር የኤሌክትሪክ መብራት አልነበረውም፤ የማታው ብርሃን ኩራዝ ነበር። የመንግሥቱ መጻሕፍት አሳታሚ ድርጅትም «ኩራዝ» ተብሎ ተሰየመ። ነገሩን ልብ በሉ፦ መንግሥት ስሙን ወሰደ፤ ጭሱን የሚቀንስ መስተዋት ግን አልጨመረለትም።

ሁለተኛዎቹ ሸክላ ሠሪ እናቶች ናቸው። እዚሁ ሲዳማ ውስጥ ይህ ሙያ በአብዛኛው የሃዲቾ ማኅበረሰብ ነው፤ ማኅበረሰቡም ለረጅም ዘመን በሙያው ምክንያት ሲገለል ኖሯል። ፍርዳችን ሚዛናዊ እንዲሆን አንድ ነገር መመስከር ይገባል፦ ያ መንግሥት በ1969 ዓ.ም. ለእደ ጥበብና ለአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት የሚሠራ ድርጅት አቋቁሟል፤ ባለእጆችን በኅብረት ሥራ ማኅበራት አደራጅቷል፤ የእጅ ሥራን ክብርም በአደባባይ ተናግሯል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ባለእጇን የተመለከታት እንደ አምራች ነው እንጂ እንደ ነዳፊ አልነበረም። የምጣዱን ውፍረት እሳቱ እኩል እንዲዳረስ አድርጋ የምትወስን፣ አፈሩን በእጇ ዳብሳ የምታውቅ ሴት ዕውቀቷ በወረቀት ላይ አልሰፈረም።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንላለን። ለፖለቲካ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለንድፍ ግን አይሠራም። ጉልቻ ሲለወጥ ማገዶ ይቆጠባል፣ ጭስ ይቀንሳል፣ የእናት ዓይንና ሳንባ ይተርፋል። ከሲሚንቶና ከፐሚስ የሚሠራው «ምርጥ» የእንጀራ ምድጃ ማገዶውን እስከ ግማሽ ድረስ የሚቀንሰው ስለ ጉልቻው በቁም ነገር ስለታሰበበት ነው። ምድጃው በስፋት የተሰራጨው ግን ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ስለ ጭቁኖች አብዝቶ የተናገረ ሥርዓት፣ በጭስ ውስጥ ለምትውለው ሴት ይህንን ሳያደርስላት አለፈ።

ይህ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 2008 ዓ.ም. ወዲህ ከተማችን ትልቅ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። በሺህ የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች በዚያ ይሰፋሉ፤ የሚሰፉት ልብስ ንድፍ ግን በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ይመጣል። ሥርዓቱ ተለውጧል፤ እጅን ከአሳብ የሚለየው አጥር ግን ዛሬም ቆሟል።

ስለዚህ ተማሪዎቼ፣ አንድ ሥራ እሰጣችኋለሁ። የዚያ ዘመን ዕቃዎች ለቆራሌው እየተሸጡ፣ በልዋጭ በፕላስቲክ እየተተኩ ነው። ከማለቃቸው በፊት ለኩአቸው፣ ንድፋቸውን ሣሉ፣ የተጠገኑበትን ቦታ አስተውሉ፤ የሠራቸው ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ጠይቁት። በመዝገባችሁ ላይ «ነዳፊ» በሚለው አምድ «ያልታወቀ» ብላችሁ አትለፉ። ዕቃው ጓድ ሊሆን የሚችለው ሠሪው በቅድሚያ ሰው ተብሎ ሲመዘገብ ነው።